ቼንሶው መቼ ነው የሚጠፋው?

ደብረ ብርሃን ላይ ለባህር ዛፍ ቆራጮችና ጥገና ለሚማሩ ልጆች ስለ ቼንሶ፣ ማለት በቤንዚን ስለሚሰራው የሞተር መጋዝ፣ የተናገርኩት ነው፣ በስልክ ከተቀዳው ድምፅ ላይ እየሰማሁ ጻፍኩት፣ ብዙም አላስተካከልኩትም።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል? እሺ ጥሩ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቼንሶ ማን ነው ያመጣው? አንተ ነህ? ቆይ እንመጣበታለን፣ መጨረሻ ላይ አብረን እናየዋለን፣ እስከዛ ማንም እንዳይነካው።

ሰው ቼንሶ ተሸክሞ ጋራዥ ሲመጣ መጀመሪያ የሚለኝ ነገር አንድ ነው፣ "ጋሼ ይጠፋብኛል"። እኔም ሁሌ ምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ "መቼ ነው ሚጠፋው?"። "ኧረ ዝም ብሎ ነው፣ ድንገት ቀጥ ይላል" ይሉኛል። ዝም ብሎ የሚጠፋ ሞተር የለም። እንደተነሳ ወዲያው የሚጠፋ አለ፣ ነዳጅ ስትሰጡት ታፍኖ የሚጠፋ አለ፣ ነዳጁን ስትለቁት የሚጠፋ አለ፣ አስር ደቂቃ በደንብ ሰርቶ የሚጠፋ አለ፣ ሲሞቅ የሚጠፋ አለ፣ ሲጋደም የሚጠፋ አለ፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ብቻ የሚጠፋም አለ። በሽታቸው ይለያያል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ "አመመኝ" ብቻ ብትሉ መድሃኒት አይሰጧችሁም፣ የት ነው፣ መቼ ጀመረህ፣ ሌሊት ነው ቀን ይሏችኋል አይደል። ቼንሶም እንደዛው ነው። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት መቼ እንደሚጠፋ እወቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዛው ውስጥ ነው ያለው። እኔ ጋ የሚመጣው ቼንሶ ግን ብዙው መጀመሪያ ካርቡሬተሩ፣ ማለት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል፣ ተነካክቶ፣ ብሎኖቹ ወዲያና ወዲህ ተዟዙረው፣ የመጀመሪያው ችግር ላይ ሁለተኛ ተጨምሮበት ነው።

ይሄን ነገር አጥብቄ የማወራበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ወጣት ሆኜ እኔም እቆርጥ ነበር። አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ነበር፣ በእድሜ ትንሽ ነው ሚያንሰኝ፣ አንድ ቀን ቼንሶው ዛፉን ግማሽ ላይ አድርሶ ጠፋበት። ማለት ከፊት አፉ ተከፍቷል፣ ከኋላም መቁረጥ ጀምሯል፣ ዛፉ በቀረችው እንጨት ብቻ ነው የቆመው። እሱ እዛው ስሩ ተንበርክኮ ገመዱን ይስባል፣ አልነሳ ሲለው ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን፣ ፈቶ በሸሚዙ ይጠርጋል፣ መልሶ ይገጥማል፣ ይስባል። ነፋስ መጣ። እኔ ስንጥቅ የሚለውን ድምፅ ሰምቼ ስዞር ዛፉ መሄድ ጀምሯል። እግሩን ነው ያገኘው። ነፍሱ ተረፈች እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሩ ግን እስከ ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። ቼንሶውን በኋላ ፈትቼ አየሁት፣ የታንኩ መተንፈሻ በሰጋቱራና በዘይት ተደፍኖ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረውም። የደቂቃዎች ስራ ነበር።

ስለዚህ ግማሽ የተቆረጠ ዛፍ ላይ ከጠፋባችሁ መጀመሪያ ከዛፉ ራቁ፣ ሰውም ከብትም እንዳይጠጋ አድርጉ፣ ቼንሶውን ራቅ ወዳለ ቦታ ወስዳችሁ እዛ እዩት። ሽብልቅና መጥረቢያ፣ ከተቻለ ደግሞ ሁለተኛ ቼንሶ ሳትይዙ ትልቅ ዛፍ አትጀምሩ።

እንግዲህ ከዛው ከመተንፈሻው እንነሳ። ቼንሶው ጥሩ አድርጎ ይነሳል፣ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ይሰራል፣ ከዛ ቤንዚን እንዳለቀበት እየደከመ እየደከመ ይሄድና ይጠፋል፣ ታንኩ ግን ግማሽ አለው። ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ምን ሆኖ ነው? ከታንኩ ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት፣ መግቢያው ከተደፈነ ታንኩ ውስጥ መምጠጥ ይፈጠራል፣ ካርቡሬተሩ ቢስብ ቢስብ አይመጣለትም። ልጅ የካርቶን ጁስ በስትሮ ሲመጥ ካርቶኑ ጎኑ ወደ ውስጥ ስርጉድ እንደሚለው ማለት ነው። ምርመራው ቀላል ነው፣ እንደጠፋ ክዳኑ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ከዛ ክዳኑን በጣም ቀስ ብላችሁ ላላ አድርጉና ጆሯችሁን ስጡ። ፍስስስ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበ፣ ከዛም መልሳችሁ ዘግታችሁ ስትስቡት ወዲያው ከተነሳ፣ ችግሩ መተንፈሻው ነው። ወደ ውጭ የሚተነፍስ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ በሙቀት የተጫነ ቤንዚን ነው፣ ፊታችሁ ላይና የጋለ ማርሚታ፣ ማለት የጭስ መውጫው፣ ላይ ሊረጭ ይችላል፣ ቶሎ መልሳችሁ ዝጉትና በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። መተንፈሻዋ እንደየሞዴሉ ቦታዋ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ካርቡሬተሩ አካባቢ ወይ ከኋላ እጀታው በኩል ያለች ትንሽ የጎማ ወይ የፕላስቲክ ነገር ናት፣ አውጥታችሁ በንጹህ ቤንዚን እጠቧት፣ ካልሆነ ቀይሯት። ክዳኑን ላላ አድርጎ መቁረጥ የሚቀጥል ሰው አይቻለሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ቤንዚን እየተንጠባጠበ ከጋለ ብረት ጋር መስራት ማለት እኮ ነው።

ይሄን ከሚመስለው ሌላ በሽታ ለዩት። ይሄኛው ደግሞ ሃያ ደቂቃ ሰርቶ ሙቀቱ ጥግ ሲደርስ ማጥፊያው የተነካ ይመስል ቀጥ ይላል፣ አይንተባተብም፣ አይደክምም፣ ቀጥ። ክዳኑን ብትከፍቱም ለውጥ የለውም። ግማሽ ሰአት አሳርፋችሁት ስትስቡ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። እዚህ ጋ የምጠረጥረው ኮይሉን ነው፣ ለካንዴላው እሳት የሚልከውን፣ ውስጡ ያለው የተጠቀለለ ሽቦ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ጠዋት ቀዝቃዛውን ይዛችሁ ጋራዥ ብትመጡ እኔም አላገኘውም። መያዝ ያለበት እንደጋለ ነው፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ ኮፍያዋ ላይ መልሳችሁ አድርጉት፣ ብረቱን ከሲሊንደሩ ክንፎች ጋር አስነኩት፣ ግን ከካንዴላው ቀዳዳ አርቁት ምክንያቱም ከቀዳዳው የሚወጣው ጭስ ሳይሆን ቤንዚን ነው፣ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ሳቡ። ሲግል እሳት የለም፣ ሲቀዘቅዝ አለ፣ በቃ ኮይል ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት አንዲት ነገር፣ ወደ ማጥፊያው የምትሄደዋን ቀጭን ሽቦ ተከተሏት፣ ከንዝረት የተነሳ ልባሷ ተልጦ ብረት ከነካች ሞተሩን ታጠፋዋለች፣ ኮይሉ ደህና ሆኖ ማለት ነው። አዲስ ኮይል ስትገጥሙ ደግሞ ከቮላኖው፣ ማግኔቱን ይዞ ከሚዞረው ክብ ብረት፣ ጋር ያለው ክፍተት 0.3 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ አንድ የቢዝነስ ካርድ መሃሉ አስገብታችሁ፣ ማግኔቱ ኮይሉን ስቦ ሲይዘው ብሎኑን አጥብቁና ካርዱን አውጡት።

አሁን ወደዚህ ወደ እኛ ሀገር ጉዳይ ልምጣ፣ ከፍታ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። እዚህ አየሩ ከባህር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ደግሞ ይሄን አያውቅም፣ ብሎኑ የታሰረበትን ያህል ቤንዚን ይለቃል፣ አየሩ ግን አንሷል፣ ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የተስተካከለ ቼንሶ እዚህ ሲመጣ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ካንዴላው ጠቁሮ ይረጥባል፣ ነዳጁን ስትለቁት ሚኒሞ፣ ማለት ነዳጅ ሳትሰጡት የሚሰራበትን ዝቅተኛ ዙር፣ አልይዝ ብሎ ይጠፋል። ሰውየው "አዲስ እኮ ነው ጋሼ፣ ከሳጥኑ ያወጣሁት ባለፈው ሳምንት ነው" ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ ቼንሶው ምንም አልሆነም፣ ቦታው ነው የተለየበት።

የተገላቢጦሹ ነው የሚያስፈራው። የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ ቼንሶ እዚሁ አስተካክዬ ሰጠሁ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው፣ ደስ ብሎኝ ነው ያስረከብኩት። ልጆቹ ይዘውት ወደ አፋር ወረዱ፣ ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ ሊቆርጡ። እኔ የት እንደሚሰሩበት አልጠየቅኩም። እዛ ቆላው ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱ ከባድ፣ እንጨቱ ድንጋይ። እኔ ለዚህ ቀጭን አየር ብዬ የቀነስኩት ቤንዚን እዛ አነሰው። ቤንዚን አነሰው ማለት ደግሞ ዘይትም አነሰው ማለት ነው፣ ምክንያቱም የዚህ ሞተር ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። መጀመሪያ ሲሞቅ እየጠፋ አስቸገራቸው፣ እያሳረፉ ቀጠሉ፣ በአራተኛው ቀን ጭራሽ ገመዱ አልሳብ አለ። ስከፍተው ፒስተኑ በማርሚታው በኩል በሞረድ የተፋቀ ይመስል ከላይ እስከ ታች ተገምጧል፣ ጣቴን ሳስኬድበት ይሻክራል። ሲሊንደሩንም ፒስተኑንም ከኪሴ ገዝቼ ቀየርኩላቸው። ከዛን ቀን ጀምሮ "መቼ ነው ሚጠፋው" ከሚለው ቀጥዬ "የት ነው ምትሰሩበት" ሳልል ካቻቢቴ አልነካም።

ብሎኖቹን በአጭሩ፣ ኤል የሚለው ለዝቅተኛ ዙር፣ ኤች የሚለው ለከፍተኛ ዙር፣ ኤል ኤ ወይ ቲ የሚለው ሚኒሞውን ከፍ ዝቅ ማድረጊያ ነው። ኤልና ኤች ወደ ቀኝ ሲዞሩ ቤንዚን ይቀንሳሉ፣ ወደ ግራ ይጨምራሉ። ወደ ደጋ ስትወጡ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቆላ ስትወርዱ የግድ ወደ ግራ፣ በአንዴ ከአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ በላይ አታዙሩ። ከዛ በፊት ግን የአየር ፊልትሮው መጽዳት አለበት፣ ሞተሩም መሞቅ አለበት፣ አለበለዚያ ቆሻሻውን ነው የምታስተካክሉት። ኤችን በጆሮ ነው የማውቀው፣ ያለ እንጨት ሙሉ ነዳጅ ስሰጠው ትንሽ መንተባተብ አለበት፣ እንጨት ሲነካ ደግሞ ጥርት ይላል። ያለ እንጨት ጥርት ብሎ እንደ ትንኝ የሚጮህ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ያ ድምፅ ደስ እንዳይላችሁ። ሚኒሞ ላይ ሰንሰለቱ መዞር የለበትም፣ እንዳይጠፋ ብላችሁ ሚኒሞውን ከፍ አድርጋችሁ ሰንሰለቱ እየዞረ የምትሄዱ አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ተዉት፣ አንድ ቀን ከጭናችሁ ጋር ይገናኛል። አንዳንድ አዲሶቹ ቼንሶዎች፣ የሽቲል ኤም ትሮኒክ፣ የሁስክቫርና አውቶቱን የሚባሉት፣ ራሳቸው ናቸው የሚያስተካክሉት፣ የሚዞር የኤልና የኤች ብሎን የላቸውም።

ቤንዚን። ለዘይት መለኪያ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙ፣ መርፌውን ጣሉት። ጥሩ የቱ ስትሮክ ዘይት ከሆነና የቼንሶው መመሪያ 50 ለ 1፣ ማለት ሃምሳ እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት፣ ካለ፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ሲሪንጅ ሙሉ ዘይት፣ ለአምስት ሊትር አምስት፣ በቃ ሌላ ሂሳብ የለውም። 25 ለ 1 ከተባለ እጥፍ፣ ሁለት ሁለት። የቻይናዎቹ ብዙዎቹ 25 ለ 1 ነው ሚሉት፣ መመሪያቸውን እዩ። በአይን እየገመቱ መጨመር፣ ቤንዚኑ ቀይ እስኪሆን ምናምን የሚባለው፣ አያዋጣም፣ ዘይት ሲበዛ ካንዴላውንና ማርሚታውን ይደፍናል፣ ሲያንስ ያየነውን ያመጣል። የመኪና ዘይት ደግሞ ለዚህ አልተሰራም። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ሲጠፋ ምን እናድርግ እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ ዘይት ሳትቀላቅሉበት አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉ። ንጹህ ቤንዚን ከሆነ ተንኖ ብዙም ምልክት አይተውም፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ የቅባት ክብ ይቀራል። ሃይላንዱን ደግሞ ግማሽ ሰአት አቁሙት፣ ውሃ ካለው ስሩ ላይ ተለይቶ ይተኛል፣ ያቺ ውሃ ካርቡሬተር ውስጥ ስትገባ ነው ሳይታሰብ ጥፍት የሚለው።

ሌላው ቶሎ ቶሎ። ነዳጅ ስትሰጡት የሚታፈን፣ ታንኩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ፊልትሮ በሽቦ ስባችሁ አውጡና እዩ፣ ከጠቆረች ቀይሯት፣ እሷ ደህና ከሆነች ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ደርቃ ሊሆን ይችላል፣ በጣት ስትነካ ለስላሳ መሆን አለባት፣ እንደ ቺፕስ ላስቲክ ኮሽ ኮሽ ካለች አብቅታለች። ጉልበት እያጣ የሚሄድ፣ ማርሚታው ውስጥ ያለችውን ወንፊት በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ የሞተሩ ትንፋሽ መውጫ እሷ ናት፣ ተረስታ የምትቀር ደግሞ እሷ ናት። ካንዴላ ክፍተቱ 0.5 ሚሊሜትር፣ ቀለሙ እንደ ተቆላ ገብስ ቡኒ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ሚኒሞው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ በብሎን የማይታዘዝ ከሆነ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው፣ የካርቡሬተሩ ጎማ ወይ የክራንኩ ፓራኦሊዮ፣ ማለት ዘንጉ ላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ፣ ይሄን ለጋራዥ ተዉት፣ ግን እየሰራችሁበት አትቆዩ፣ እሱም ፒስተን ይበላል።

እንጨት ውስጥ ብቻ የሚጠፋውን በተመለከተ ደግሞ ሞተሩን አትውቀሱ። ሰጋቱራውን እዩት። የተሳለ ሰንሰለት ፍርፍር ያለ ቁራጭ ነው የሚያወጣው፣ የደነዘዘ ግን እንደ ሽሮ ዱቄት የላመ ነው የሚያወጣው፣ ያኔ እናንተ በጉልበት ትጫኑታላችሁ፣ ሞተሩ ታንቆ ይጠፋል። ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ ሞረድ አስነኩት። የሰንሰለት ዘይቱ ታንክ ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ነው የምትሞሉት፣ ሁላችሁም ማለት ይቻላል፣ ውስጡ የብረት ብናኝ አለው፣ ፓምፑን ይፈጀዋል፣ ቆዳችሁም ላይ ነው የሚረጨው፣ እባካችሁ አቁሙት። የባህር ዛፍ ልጥም አለ፣ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ከጎን ያለው የሰንሰለቱ ሽፋን ስር ገብቶ ሰንሰለቱን ያንቀዋል፣ ምሳ ሰአት ላይ ሽፋኑን ፍቱና አውጡት። እጃችሁን እዛ ከማስገባታችሁ በፊት ሁልጊዜ ሞተሩን አጥፉ፣ የካንዴላውን ኮፍያ ንቀሉ።

ክረምት ሲገባ ቼንሶውን ከነቤንዚኑ ቤት ጥግ ጥላችሁ መስከረም ላይ የምታነሱ፣ ያ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ። ከወር በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ታንኩን አራግፉ፣ ከዛ አስነስታችሁ እስኪጠፋ ድረስ ይስራ። ይሄ መጥፋት ብቻ ነው የምወደው።

እሺ፣ አሁን ያንተን እንየው። ና ወደዚህ። መቼ ነው ሚጠፋው?

"ጋሼ ቅርንጫፍ ስቆርጥ ምንም አይልም፣ ግንዱን ከስር ልቆርጥ ስል ነው ሚጠፋው።"

ሰማችሁት? ቅርንጫፍ ስትቆርጥ ቼንሶው ቀጥ ብሎ ነው፣ ግንድ ከስር ስትቆርጥ ግን ታጋድመዋለህ። እሱ ግንድ ነው ያለው፣ እኔ ሲጋደም ነው የሰማሁት። ስለዚህ መተንፈሻም አይደለም፣ ኮይልም አይደለም፣ ስታጋድመው ነው ቤንዚን የሚያጣው። ክዳኑን እንክፈት። ይቺን ሽቦ አቀብሉኝ። ይኸው ፊልትሮዋ ወጣች፣ ንጹህ ናት፣ በቅርብ ቀይረሃታል አይደል? ጥሩ። ቱቦው ግን... ይሄ የቤንዚን ቱቦ አይደለም፣ ግሉኮስ የሚሰጥበት ቱቦ ነው፣ ማን ገጠመልህ? እሺ ተወው አትናገር። ይሄ ፕላስቲክ ቤንዚን ውስጥ ሲቆይ ይደርቃል። ንኩት፣ እንደ ሽቦ ቆሟል። ቱቦ ልስልስ ብሎ ፊልትሮዋ ቤንዚኑ ወደሄደበት አብራ መሄድ አለባት፣ ይሄ ስለደረቀ ፊልትሮዋ አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። እዩ ደግሞ፣ እንዲህ ጠምዘዝ ሳደርገው፣ ቅረቡ፣ መታጠፊያው ላይ ስንጥቋ አፏን ስትከፍት አያችኋት? ሳይጠመዘዝ አትታይም።

ካርቡሬተሩን ነክተኸዋል?

"ትንሽ ነክቼዋለሁ ጋሼ።"

እሱን ነገ አስተካክልልሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን ትክክለኛውን ቱቦ ፈልገህ አምጣ፣ ዛሬ በዚህ ቱቦ ዛፍ ስር አትገባም።